ኮቱን የማያወልቀው ጸሐፊ

አንድ የእድር ጸሐፊ በአንዲት የቆላ ከተማ ይኖር ነበር፤ ስሙ ቢተው ይባላል። ከተማዋ ሙቀቷ አይጣል ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የቤቱ ቆርቆሮ ይንጣጣል፣ ውሻው ጥላ ፍለጋ ይዞራል፣ ሰዉም የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ባገኘው ካርቶን ደረቱን ያራግባል። ቢተው ግን ኮት ይለብሳል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ገበር ያለው ኮት! የሚያየው ሁሉ «አይ ጨዋነት! ክብሩን የሚያውቅ ሰው!» ይላል። ምን ጨዋነት አመጣው? ሰውዬው የሚደብቀው ነገር ነበረው እንጂ።

የሚደብቀው ነገር ይኸውላችሁ፦ የነጭ ሸሚዞቹ ብብት በላብ በልዟል። ሦስት ሸሚዝ አለው፤ ሦስቱም ያው ናቸው። አንገትጌያቸው የነጣ፣ ደረታቸው በካውያ ቀጥ ያለ፣ ክንድ ሲነሳ ግን ከስር እርድ የፈሰሰበት የሚመስል ቢጫ ክብ አላቸው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው አልገደለ፣ ቤት አላቃጠለ። ላብ ነው! ነገር ግን ከዓመታት በፊት አንድ ሰርግ ላይ እጁን አንስቶ ሲጨፍር፣ አንዲት ሴት ጓደኛዋን በክርኗ ጎሸም አድርጋ ስትስቅ አየ። በእሱ ትሳቅ በሌላ ሰው እስከ ዛሬ አይታወቅም። እሱ ግን ክው አለ። በማግስቱ ኮት ገዛ።

ከዚያ ወዲህ እረፍት የሚባል ነገር የለውም። ሰው ሲጨብጥ ክንዱን ከጎኑ ጋር አጣብቆ ነው። ከመደርደሪያ ላይ መዝገብ ማውረድ ሲኖርበት በርጩማ ላይ ይወጣል፤ እጁን ከትከሻው በላይ ላለማንሳት ብሎ። ተቀምጦ አይረጋም፤ አንዴ የኮቱን ቁልፍ ይነካካል፣ አንዴ አንገቱን ዘቅዝቆ ብብቱን ያሸታል፣ አንዴ ሰዎች ሲያወሩ ካየ «ስለ እኔ ይሆን?» ብሎ ጆሮውን ይጥላል። የሚያስቀው ደግሞ ምን መሰላችሁ? እድፉን የሚደብቅበት ያው ኮት ነው ይበልጥ የሚያልበው። ባላበው መጠን እድፉ ይብሳል፤ እድፉ በባሰ መጠን ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል።

ሸሚዞቹን ለልብስ አጣቢ መስጠት አፈረ። በሩን ዘግቶ ራሱ ያጥባል፤ አስተጣጠቡም የንዴት ነው። በረኪና ይደፋበታል፣ የፈላ ውሃ ይለቅበታል፣ ከዚያ እድፉ ለቀቀ አልለቀቀ ሳያይ ካውያውን በላዩ ላይ ያስኬደዋል። በረኪና የላብን ቢጫ እንደሚያባብሰው፣ የካውያ ግለትም እድፉን ጨርቁ ውስጥ እንደሚያትመው የሚነግረው ሰው አልነበረም። ማን ይንገረው? ማንንም አልጠየቀማ!

እዚያው ሰፈር ውድነሽ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት የሆናት አሮጊት እናቷን ታስታምማለች። የእድሩን ነጭ አቡጀዲ፣ ማለትም ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ ውስጥ ዙሪያውን የሚጋረደውን ጨርቅ የምታጥበው እሷ ናት።

አንድ ሐሙስ ቀን ውድነሽ አቡጀዲውን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ወደ እድሩ መጋዘን አመጣች። የተቀበላት ቢተው ነበር። ጨርቁ ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ጸሐይ ጸሐይ ይሸታል። «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ሸኛት። ከሰዓት በኋላ የእድሩ ንብረት ጠባቂ ከቀብር የመጣውን የድንኳን ሸራ ይዞ ገባ። ሸራው ዝናብ ጠጥቷል፤ ከዛጉት ብረቶቹ ጋር እንደተጠቀለለ አምጥቶ አቡጀዲው ላይ ዘጭ አደረገውና ወጣ።

ቢተው ይህን በዓይኑ አየ። «ኧረ ይሄ ነገር ጨርቁን ያበላሻል» አለ በሆዱ። ግን ያን የሚያህል ሸራ ለማንሳት ኮት ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ከውጭ ደግሞ ሰዎች ቆመዋል። «ነገ አነሳዋለሁ» ብሎ በሩን ቆልፎ ሄደ። ነገም አላነሳው፣ ከነገ ወዲያም አላነሳው።

በአሥረኛው ቀን ለቅሶ ሆነና አቡጀዲው ወጣ። ጉድ ፈላ! ጨርቁ በዝገትና በሻጋታ ተዥጎርጉሯል። ንብረት ጠባቂው ጊዜ አላጠፋም፤ «ሴትየዋ ናት! በረኪና አብዝታ ነው ያበላሸችው!» ብሎ ጮኸ። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ።

እሑድ ጠዋት እድርተኛው እንደ ልማዱ ሰፈሩ መሐል ካለው ዋርካ ስር ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ በአነጋገራቸው ቁጥብ፣ በሥርዓት ጉዳይ ግን ፍንክች የማይሉ ሽማግሌ ናቸው። የዚያ እድር ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ነው፦ የሚመሰክር ሰው የደረበውን ሁሉ ያወልቃል፤ ኮትም ይሁን ጋቢ። ከዚያ በሸሚዙ ብቻ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይምላል፤ ተናግሮ እስኪጨርስም እጁን አያወርድም። ድሮ አንዱ የሰረቀውን ዕቃ ጋቢው ስር ይዞ «አላየሁም» ብሎ ምሎ ነበር ይባላል፤ ሥርዓቱ ከዚያ የመጣ ነው። ያለ መሐላ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ውድነሽ ተነስታ «ነጭ አድርጌ ነው ያስረከብኩት። የተቀበሉኝ ጋሼ ቢተው ናቸው፤ እሳቸው ያውቃሉ» አለች። ሰዉ ሁሉ ወደ ቢተው ዞረ።

ኧረ የዚያን ጊዜ የቢተውን ነገር ተዉት! ላብ በላብ ሆነ። ሸሚዙ ኮቱ ስር ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ብብቱን አሰበ፤ ያን ቢጫ ክብ አሰበ፤ መቶ ሰው ፊት እጁን ሰቅሎ ሲቆም ታየው። ያቺ የሰርጓ ሴት ሳቅ ጆሮው ላይ ጮኸበት።

«ቢተው፣ ያየኸው ነገር አለ?» አሉ ዳኛው።

«እንጃ… ልብ አላልኩም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ውድነሽ አልተቆጣችም። ዳኛው ወሰኑ፤ በሚቀጥለው እሑድ የሚመሰክርላት ካልተገኘ ስሟ ከእድሩ ይሰረዛል፤ እስከዚያም ታግዳለች። መታገድ ማለት ምን እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። በዚህ ሳምንት ከቤቷ ሞት ቢመጣ ጥሩምባ አይነፋላትም፣ ድንኳን አይተከልላትም፣ መቃብር የሚቆፍርላት የለም። እናቷ ደግሞ ዛሬ ነገ የሚባልላት ሰው ናት። ውድነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሮጠች ወደ ቤቷ ሄደች፤ አሮጊቷን ብቻዋን ትታት ነበር የመጣችው።

ያ ሳምንት ለቢተው ሳምንት አልነበረም። ቁጭ ሲል መነሳት ያምረዋል፣ ሲነሳ መቀመጥ። ሰኞ ሦስቱንም ሸሚዞች በረኪና ውስጥ ነከራቸው፤ ማክሰኞ አውጥቶ ሲያያቸው ቢጫው ይባስ ብሎ ቡናማ ሊሆን ምንም አልቀረው። ረቡዕ ሌላ ዘዴ መጣለት፤ ወደ ዳኛው ቤት ሄደና በረንዳው ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሴትየዋ ጥፋት ያለባት አይመስለኝም» አላቸው።

«ይመስልሃል ወይስ አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ግን በመካከላችን ይሁን።»

ዳኛው ሳቅም ቁጣም ባልሆነ ፊት አዩት። «ስሟ የጠፋው ዋርካው ስር ነው። በጓዳ አጥፍተነው ቢሆን በጓዳ እንመልሰው ነበር። እሑድ ኮትህን አውልቀህ ንገረኝ።»

ሐሙስና ዓርብ እንዲሁ ሲንቆራጠጥ አለፉ። ሌላ ሸሚዝ ልግዛ ቢል፣ ስንት ጊዜ ገዝቶ ያውቃል! ኮት ስር የዋለ አዲስ ሸሚዝ በሁለተኛው ሳምንት የድሮውን ይሆናል፤ እሑድ ደግሞ ከፍርሃቱ ብዛት እሱ ገና ለምስክርነት ሳይነሳ ሸሚዙ በላብ እንደሚርስ ያውቀዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን እግሩ ራሱ ይዞት ሄደ መሰለኝ፣ አንዱን ሸሚዝ በፌስታል ቋጥሮ ውድነሽ በር ላይ ተገኘ።

ግቢው ውስጥ ሳፋዋ ፊት ተቀምጣ ነበር። በተከፈተው በር በኩል የአሮጊቷ የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል፤ ይሳባል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሳባል።

«እትዬ ውድነሽ፣ ይህ የወንድሜ ልጅ ሸሚዝ ነው» አለ ቢተው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ትንሽ እድፍ ነክቶት…»

ውድነሽ ሸሚዙን ተቀብላ ገለበጠችው። ብብቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ አሸተተችው። «በረኪና ጠጥቷል» አለች። «በዚያ ላይ ሳይለቅ ተተኩሷል። አይ እኚህ ሰው! ላብ እኮ ከውስጥ ነው የሚመጣው፤ ልብሱ ተገልብጦ በውስጡ በኩል ነው የሚታጠበው። ከላይ ከላይ ቢፈትጉት ምን ያደርጋል?» በረኪናውን ለማውጣት በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አለቀለቀችው። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳ ብብቱ ላይ ቀባችና በጣቷ ቀስ እያለች ታሸው ጀመር።

«ለ… ለወንድሜ ልጅ ምን ልበለው?»

«ያወለቀውን ሸሚዝ ዕለቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከረው፤ አያሳድረው። ታጥቦ ብብቱን ሳያደርቅ አይልበስ። ከስር ስስ ካናቴራ ያድርግ። ከሁሉ በላይ ግን» አለችና ቀና ብላ አየችው፣ «ያን ኮት ያውልቅ። ላብ ንፋስ ካገኘ ይደርቃል፤ ታፍኖ ሲውል ነው እንዲህ የሚሆነው።»

ቢተው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ውድነሽ ማሸቷን ሳታቆም ጠየቀችው፦ «ጋሼ ቢተው፣ ያን ሐሙስ ሲረከቡኝ ጨርቁ እርጥብ ነበር?»

«ደረቅ ነበር።»

«እድፍ ነበረበት?»

«ምንም አልነበረበትም። ነጭ ነበር።»

«ታዲያ ይህን እሑድ ዕለት ምነው አላሉትም?»

ቢተው ቀኝ ክንዱን ይበልጥ ከጎኑ ጋር አጣበቀ። ውድነሽ ክንዱን አየች፣ እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ አየች፣ መልሳ ክንዱን አየች። እጇ ሳፋው ውስጥ ቆመ።

«በዚህ ነው?» አለች ቢጫውን ብብት ወደ እሱ ይዛ። «ጋሼ ቢተው፣ በዚህ ነው እንዴ?»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ከቤት ውስጥ አሮጊቷ ሳለች፤ ውድነሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች። «ለነገ ጠዋት አይደርስም» አለች ወደ ውስጥ እየገባች። «የዓመታት እድፍ ነው፤ ደጋግሞ መታጠብ ይፈልጋል፣ ጸሐይም ይፈልጋል። ነገ እንግዲህ ባለው ይቁሙ።»

እሑድ ቢተው ከሁሉ ቀድሞ ዋርካው ስር ደረሰ። ሰዉ ተሰበሰበ፤ የውድነሽ ቦታ ግን ባዶ ነው። ዓይኑ መንገዱ ላይ ተሰቅሎ ሲጠብቅ አንዲት ጎረቤቷ እያለከለከች መጣች።

«ውድነሽ አትመጣም። እናቷ ሊነጋጋ ሲል አረፈች። እኛም የሰማነው አሁን ነው፤ ጥሩምባ የነፋ የለም።»

ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ዳኛው አየ። ዳኛው «ስሟ ታግዷል» አሉ። ንብረት ጠባቂው እግሩ ስር ያለውን አፈር በጫማው ይጭራል።

ቢተው ማንም ሳይጠራው ተነሳ። የኮቱ ቁልፍ አልፈታ አለው፤ ሁለተኛውን ሲስበው ተበጥሶ ወደቀ። ኮቱን አወለቀና መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ያ የተፈራው ብብት በመቶ ሰው ፊት፣ በቀን ብርሃን ወጣ። ቢጫው ነበር፣ በላዩም ላይ ትኩሱ ላብ ነበር። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ቢተው ሳቁን ሰማ፤ እጁን ግን አላወረደም።

«ያን ሐሙስ አቡጀዲውን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ነጭ ነበር፤ ደረቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ እርጥቡ ሸራ ከነዛገ ብረቱ ሲጣልበት አይቻለሁ። ማንሳት ነበረብኝ፤ ኮቴን ማውለቅ አፍሬ ተውኩት። ባለፈው እሑድ ዝም ያልኩትም ለሌላ ነገር አይደለም።» በግራ እጁ ወደ ብብቱ አመለከተ። «ለዚህ ነው።»

አሁን የሳቀ የለም። ንብረት ጠባቂው ሳይጠየቅ «እውነቱን ነው፤ ሸራውን የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ። ዳኛው ብድግ አሉ። «ስሟ ይመለስ የምትሉ እጃችሁን አውጡ!»

መቶ እጅ ወጣ። ቢተው እንዲህ ያለ ጊዜ ሁልጊዜ ዓይኑን መዝገቡ ላይ ይተክል ነበርና፣ ያን ቀን ገና ቀና ብሎ አየ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? የአናጺው ብብት በልዟል፤ የባለሱቁም በልዟል፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ክንዷ ስር ጨው የሠራ ነጭ ቀለበት አለባት፤ ዳኛው ራሳቸው፣ እኚያ የሚፈሩት ሰውዬ፣ በሁለቱም ብብታቸው ቢጫ ናቸው! ከተማው ቆላ ነዋ! ዳቦ ጋጋሪዋ አፍጥጦ ሲያያቸው አይታው «አይ ጋሼ ቢተው፣ እኛ እኮ ኮትህን እያየን ነበር የሚያልበን» አለችው። መሳቅ አማረው፤ ግን አልቻለም። ጎኑ ያለው የውድነሽ ቦታ ባዶ ነበር።

ጥሩምባው አራት ሰዓት ላይ ተነፋ። የድንኳኑን ከባድ ብረት ተሸክሞ ፊት ፊት የሮጠው ቢተው ነው፤ በሸሚዙ ብቻ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ያው የተዥጎረጎረው አቡጀዲ ተጋረደ፣ ሰውም ግቢውን ሞላ። ቢተው በመጨረሻ ወደ ውድነሽ ሄዶ ፊቷ በርከክ አለ።

«ጥሩምባው የማን ነው?» አለችው፤ ዓይኗ አብጧል።

«የእናትሽ ነው። መሰከርኩ። ስምሽ ተመልሷል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቀስ ብላም ጨመረች፦ «ጋሼ ቢተው፣ እስኪነጋ ማንም አልነበረም። ብቻዬን አጠብኳት፤ ብቻዬን ገነዝኳት። እሷ ስንቱን ሰው አልቅሳ የቀበረች ሴት!»

ቢተው «ይቅር በይኝ» ብሎ እንባው ወረደ። «ይቅር ብያለሁ» አለችው። ይቅርታውም የእውነት ነበር።

ከአርባው በኋላ ውድነሽ ሸሚዙን አጥፋ አመጣችለት። ቢተው ፈታ አድርጎ አየው፤ የግራው ብብት ፍጹም ነጥቷል። የቀኙ ላይ ግን ስስ፣ የሳሳች ቢጫ ቀለበት ቀርታለች። «በእንዶድም በአቼቶም ሞከርኩ» አለች ውድነሽ። «ይህችን ማስለቀቅ አቃተኝ። ካውያ ብዙ ጊዜ አርፎባታል።» ቢተው «ትቅር» አላት። ያን ሸሚዝ እስኪያልቅ ለበሰው፤ ኮቱን ግን ዳግመኛ አልለበሰም። ዋርካው ስር «ያየ አለ?» በተባለ ቁጥርም መጀመሪያ የሚወጣው ያ ቀለበት ያለበት ክንድ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ላብ ለኖረና ለሠራ ሰው ሁሉ የተሰጠ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ትኩሱን በቀዝቃዛ ውሃ ቢያጥቡት ዕለቱን ይለቃል። ስህተትም እንዲሁ ነው። የሚያትመው መደበቃችን ነው፤ ኮት መደረባችን፣ ሳናጥብ መተኮሳችን። ቢተው ይቅርታ አገኘ፣ የሴትየዋ ስም ተመለሰ፣ ጥሩምባውም ተነፋ። ያቺን አንዲት ንጋት ግን፣ ሴትየዋ እናቷን ብቻዋን ያጠበችባትን ንጋት፣ የሚያስለቅቅ ሳሙና እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እስቲ እርስዎም ራስዎን ይጠይቁ፤ ማን ምን ይለኛል ብለው ክንድዎን ከጎንዎ ጋር ያጣበቁበት ቀን የለም? ያን ቀን የእርስዎን እጅ ይጠብቅ የነበረው ሰው ማን ነበር?